ሴት ከሌለች ለቅሶ የለም? የቦብ ማርሊ ዘፈኖች በትክክል ምን እያሉ ነው

ባለፈው ሀዋሳ ላይ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከሹፌሩ ጀርባ የቦብ ማርሊ ፎቶ ተለጥፏል፣ ከስሩ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀለም «ሴት ከሌለች ለቅሶ የለም» ይላል። ማን ተረጎመልህ ስለው ልጁ በመስታወት አየኝና «ብራዘር፣ ኖ ውማን ኖ ክራይ እኮ ነው፣ ከሴት ከራቅክ ሰላም ነህ ነው የሚለው» አለኝ፣ ቅንጣት ጥርጥር የለውም። መውረጃዬ ስለደረሰ ሂሳቤን ሰጥቼ ወረድኩ እንጂ ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ምክንያቱም ዘፈኑ የሚለው ጭራሽ ተቃራኒውን ነው።

በልጁ አልፈርድም። በየዓመቱ ጥር መጨረሻ ላይ የቦብ ልደት ሲደርስ (ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ነው የተወለደው፣ ጃማይካ ውስጥ ናይን ማይል የምትባል የገጠር መንደር) ፌስቡኩም ቲክቶኩም በዘፈኖቹ ይሞላል፣ አብሮም ያላለው ይለጠፍበታል፣ ያልዘፈነው ሁሉ ይሰጠዋል። የሚገርመው ግን እኛ ከሌላው ሰው በባሰ መሳሳት አልነበረብንም፣ ግጥሞቹ ውስጥ ያለው ብዙ ነገር ከእኛው ቤት የሄደ ነው። ስለዚህ በጣም የሚታወቁትን ዘፈኖች ይዤ ምን እንደሚሉና ከየት እንደመጡ በቀላሉ ላስረዳ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

ቆይ፣ ቦብ የሚዘፍነው በእንግሊዝኛ አይደለም እንዴ?

ነውም አይደለምም። ጃማይካ ውስጥ ቢሮውና ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤትና ሰፈር ውስጥ ግን የሚወራው ፓትዋ ነው። ፓትዋ ከአፍሪካ በባርነት ተጭነው የሄዱ ሰዎች የጌቶቻቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ወስደው በራሳቸው ሰዋስው እየገጣጠሙ የፈጠሩት ቋንቋ ነው። ቃሉ ሲሰማ እንግሊዝኛ ይመስላል፣ አገጣጠሙ ግን ሌላ። ቅዳሴ ላይ ቆመን ግዕዙ ግማሹ የገባን መስሎን ዋናው ነገር እንደሚያመልጠን አይነት ነው፣ ፊደሉ አንድ ነው፣ ብዙ ቃሉም አንድ ነው፣ ግን አንድ ቋንቋ አይደለም።

በዛ ላይ የራስታዎቹ መዝገበ ቃላት ይጨመርበታል። አራት ቃላት ከያዛችሁ አብዛኛው ዘፈን ይከፈትላችኋል።

«ራስታ» ያው ራስ ተፈሪ ነው፣ ጃንሆይ በ1930 ሳይነግሡ በፊት የነበራቸው ማዕረግና ስም። እኛ ስንሰማው ቀልደኛ ነገር ይመስለናል፣ ሌላው ዓለም ግን ማዕረግ መሆኑን እንኳን አያውቅም። እምነቱ የተነሳው ንግሡን ተከትሎ በ1930ዎቹ ጃማይካ ውስጥ ነው፣ ንጉሡን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተስፋ የተሰጠው መሲሕ አድርገው የሚያዩ ሰዎች እምነት።

«ጃህ» የእግዚአብሔር ስም ነው። ከየት አመጡት ለሚል ሰው፣ ሃሌ ሉያ ስንል መጨረሻ ላይ የምንላት «ያ» ናት፣ እሷው እንግሊዝኛ ውስጥ ጃህ ሆና ተጽፋ ነው።

«ባቢሎን» ጨቋኙ ሥርዓት ነው፣ ቅኝ ገዢው፣ ፖሊሱ፣ ባንኩ፣ ሁሉም። እስራኤላውያን ባቢሎን ተማርከው እንደሄዱ እኛም ካሪቢያን ተማርከን መጣን ነው ነገሩ። የዛ ተቃራኒ ደግሞ «ጽዮን» ነው፣ መመለሻው አገር፣ አፍሪካ፣ በተለይ ኢትዮጵያ።

አንድ ደግሞ እኔ በጣም የምወዳት ነገር አለች። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻ ላይ ለቀዳማዊ የምትቆም የሮማውያን ቁጥር አለች አይደል፣ ያቺ ቀጥ ያለች እንጨት የመሰለችው። ራስታዎቹ ቁጥር ነች ብለው አላነበቧትም፣ እንደ ፊደል «አይ» ብለው ነው የሚያነቧት፣ እሱም በእንግሊዝኛ «እኔ» ማለት ነው። ስለዚህ «ሰላሲ አይ» ሲሉ ንጉሡም እኔም አንድ ቃል ውስጥ ገባን እንደማለት ነው፣ «እኛ» ማለት ሲፈልጉም «አይ ኤንድ አይ» የሚሉት ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። የእኛ ቀዳማዊ እንዲህ ሆኖ ካሪቢያን ላይ ተውላጠ ስም ሆነ።

እሺ «ኖ ውማን ኖ ክራይ» ምን ማለት ነው?

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ማለት ነው። በቃ።

ፓትዋ ውስጥ ግስ ፊት የምትመጣው «ኖ» የእኛን «አት» ነው የምትሠራው፣ ስለዚህ ርዕሱ ሲነበብ «ኖ፣ ውማን፣ ኖ ክራይ» ነው፣ አይ አንቺ ሴት፣ አታልቅሺ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ሴት ከሌለ ለቅሶ የለም» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም፣ አማርኛ የሚያውቅ ግን ዕድለኛ ነው ምክንያቱም «አይዞሽ» የምትል ቃል አለችን፣ የዘፈኑ መንፈስ ሙሉ በሙሉ እሷ ውስጥ ነው ያለው።

ግጥሙ ውስጥ ደግሞ አንድ ግቢ አለ፣ ትሬንችታውን ውስጥ ያለ የመንግሥት ግቢ። ትሬንችታውን የኪንግስተን ድሃ ሰፈር ነው፣ ቦብ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ከገጠር መጥቶ ያደገበት። የመንግሥት ግቢ የሚለውን ብዙ ፈረንጅ ቤተ መንግሥት አካባቢ ይመስለዋል አሉ፣ እኛ ግን የቀበሌ ቤት ብንለው ወዲያው ይገባናል፣ መንግሥት የሠራቸው ትንንሽ ክፍሎች መሀል ላይ የጋራ ግቢ፣ የጋራ ኩሽና፣ የጋራ ቧንቧ፣ የአንዱ ወጥ ሽታ ለሁሉም የሚደርስበት። ዘፈኑ ውስጥ ማታ እሳት ይነዳል፣ ከዛ የበቆሎ ገንፎ ይሠራና አብረው ይካፈላሉ፣ መኪና ስለሌለው እግሬ ነው ሰረገላዬ ይላል፣ በመንገድ ላይ ያጧቸውን ጥሩ ጓደኞች ያስታውሳል። በዚህ ሁሉ መሀል ነው ሴቲቱን ሁሉም ነገር ይስተካከላል አታልቅሺ የሚላት። ይሄንን ነው እንግዲህ ከሴት ራቅ ብለን የተረጎምነው።

ሁላችንም የምናውቀው ቅጂ መጀመሪያ በ1974 ናቲ ድሬድ አልበም ላይ የወጣው አይደለም፣ እሱ ፈጠን ያለና አጭር ነው፣ ብዙም ጆሮ አልገባም። ዓለምን ያዳረሰው በጁላይ 1975 ለንደን ላይሲየም ቲያትር ውስጥ በቀጥታ የተቀዳው ነው፣ ቀስ ያለው፣ መጀመሪያ ላይ ኦርጋኑ ብቻ ሲጫወት ሕዝቡ ቀድሞ አዝማቹን የሚጀምርበት። በኢርፎን አድምጡት፣ ቦብ ገና አፉን ሳይከፍት አዳራሹ ሲዘፍን ይሰማል።

የዘፈኑ ደራሲ ማነው የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ወረቀቱ ላይ ደራሲው ቪንሰንት ፎርድ ይላል፣ ትሬንችታውን ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች ምግብ ያበላ የነበረ፣ በስኳር በሽታ እግሮቹን አጥቶ ዊልቸር ላይ የነበረ የቦብ ወዳጅ። ቦብ ስሙን የሰጠው የዘፈኑ ገንዘብ ለዛ ሰው እንዲደርስ ብሎ ነው ይባላል፣ ቆንጆ ታሪክ ነው። ሌላው ታሪክ ግን የፍርድ ቤት ነው፦ ቦብ በዛን ጊዜ ኬይማን ሚውዚክ ከሚባል አሳታሚ ጋር ውል ነበረው፣ የሙዚቃ አሳታሚ ማለት ግጥምና ዜማውን በባለቤትነት ይዞ ዘፈኑ በተጫወተ ቁጥር ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት ነው፣ ቦብ በስሙ ያስመዘገበው ሁሉ ወደ እነሱ ስለሚሄድ በጓደኞቹ ስም ማስመዝገብ ጀመረ። ቤትህ እንዳይወሰድብህ በወንድምህ ስም ካርታ እንደማውጣት ማለት ነው። ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014፣ ኬይማን ለንደን ላይ 13 ዘፈኖች የእኔ ናቸው ብሎ ክርክር ገጥሞ ተሸነፈ፣ ዘፈኖቹ ብሉ ማውንቴን የሚባለው አሳታሚ ጋር እንዲቀሩ ተወሰነ። ሁለቱም ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለወዳጅህ መስጠትም ከአሳታሚ መደበቅም አብረው የማይሄዱ ነገሮች አይደሉም።

«ዶንት ወሪ ቢ ሃፒ» የቦብ ነው አይደል?

አይደለም። ይሄን ስንቴ እንደተከራከርኩበት። የዘፈነው ቦቢ ማክፌሪን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ የወጣው በ1988 ነው፣ ቦብ ከሞተ ሰባት ዓመት በኋላ። የተምታታው አንድም በስም ነው፣ ቦብና ቦቢ፣ አንድም የቦብ «ስሪ ሊትል በርድስ» ውስጥ አትጨነቅ ሁሉም ይስተካከላል የሚል ስላለ ነው።

ሦስቱ ወፎች እነማን ናቸው ለሚለው ሁለት መልስ አለ። አንዱ በእርግጥም ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚመጡ ወፎች ነበሩ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ አይ ስሪስ የሚባሉት አጃቢ ሴት ድምፃውያን፣ ከነሱ አንዷ ሚስቱ ሪታ ነች፣ እኛ ነን ይላሉ። እኔ ከወፎቹ የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1976 ኪንግስተን ሆፕ ሮድ ያለው ቤቱ ውስጥ ታጣቂዎች ገብተው ተኮሱ፣ ቦብ ክንዱን ተመታ፣ ሪታ ጭንቅላቷን ተመትታ ተረፈች፣ ማናጀሩ ክፉኛ ቆሰለ። በሁለተኛው ቀን ቁስሉን እንደታሰረ ወጥቶ ኮንሰርት ሠራ፣ ከዛ አገሩን ለቆ ለንደን ገባ። ይቺ «አትጨነቅ» የምትለው ዘፈን ያለችበት ኤክሶደስ አልበም እዛ ለንደን ነው የተሠራው፣ በጁን 1977 ወጣ። ለሕፃናት የምናጫውታት ዘፈን ከጥይት ከተረፈ ሰው አፍ ነው የመጣችልን።

የ«ዋር» ግጥም የማን ነው?

የጃንሆይ ነው፣ በቀጥታ።

ኦክቶበር 4 ቀን 1963 ጃንሆይ ኒውዮርክ ላይ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንግግር አደረጉ። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ አምስት ወር አልሞላውም፣ አንጎላና ሞዛምቢክ ገና በፖርቹጋል ሥር ናቸው፣ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ውስጥ ናት። ንግግራቸው ውስጥ ከ27 ዓመት በፊት ጄኔቫ ላይ ቆመው የነበሩበትን ቀን አስታወሱ፣ ጣልያን በመርዝ ጋዝ ስትፈጀን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለው ሰሚ ያጡበትን የ1936ቱን። የተናገሩት በአማርኛ ነው፣ ተሰብሳቢው በትርጉም ሰማ።

ንግግሩ ረጅም ነው፣ ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ ይላል፣ ስለ ድርጅቱ ሥራ ይላል፣ ዘፈኑ የወሰደው ወደ መጨረሻ አካባቢ ያለችውን አንዷን ክፍል ነው። አንዱ ዘር የበላይ ሌላው የበታች ነው የሚለው አስተሳሰብ ጨርሶ እስካልተወገደ ድረስ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሚባል ዜጋ መኖሩ እስካልቀረ ድረስ፣ የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም የማይሰጠው እስካልሆነ ድረስ እያለ ይሄዳል። ለእኛ ጆሮ «እስካል… ድረስ»ን እየደረደሩ ሰው አንጠልጥሎ ማቆየት ብርቅ አይደለም፣ አማርኛ ራሱ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያመጣ ቋንቋ ነው፣ ሽማግሌም ሲመርቅ ጠበቃም ሲከራከር እንደዛ ነው። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር ዘፈን ውስጥ አይታወቅም፣ አዝማች የለው፣ ቤት አይመታ፣ ዲፕሎማት ያነበበው ዓረፍተ ነገር እንዳለ በድራምና በቤዝ ላይ ተቀመጠ። እንዴት እንደሠራለት እስካሁን ይገርመኛል።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ ሳታውቁት አትለፉት። ጃንሆይ በዛች ክፍል እነዚህ ነገሮች እስካልሆኑ ድረስ ዘላቂ ሰላም የሚባለው የማይጨበጥ ሕልም ሆኖ ይቀራል ነው ያሉት። ዘፈኑ እዛ ላይ የራሱን አንድ ቃል ጨመረ፣ «ጦርነት»። በየ«እስካል… ድረስ»ው መጨረሻ ይቺ ቃል ትወድቃለች። ሰላም አይኖርም የሚለው የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ ጦርነት ነው የሚለው የሰፈር ቋንቋ ነው፣ ሁለቱ እንግዲህ አንድ ዘፈን ላይ ተገናኙ።

ዘፈኑ የወጣው በ1976 ራስታማን ቫይብሬሽን አልበም ላይ ነው። ደራሲ ተብለው የተጻፉት ድራመሩ ካርልተን ባሬትና አለን ኮል ናቸው። አለን ኮል ማን መሰላችሁ፣ የጃማይካ ስመ ጥር እግር ኳስ ተጫዋችና የቦብ የቅርብ ጓደኛ ነው፣ ቆይቶም ኢትዮጵያ መጥቶ የአየር መንገዳችንን የእግር ኳስ ቡድን አሠልጥኗል። የጃንሆይ ስም በደራሲነት የለም፣ ግን ራስታ ሁሉ የማን ቃል እንደሆነ ያውቃል። ከዛ በኋላ ዘፈኑ የራሱን መንገድ ሄደ፣ አየርላንዳዊቷ ሺኔድ ኦኮነር በ1992 አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ሙዚቃ በባዶ ድምፅ ይሄንኑ ዘፍና የጳጳሱን ፎቶ የቀደደችው ትዝ ይላችሁ ይሆናል። አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የታሰበ ነገር የት የት እንደደረሰ።

ንጉሡ ሲሞቱ ራስታዎቹ ምን አሉ ታዲያ?

ደርግ ኦገስት 1975 ላይ ጃንሆይ ማረፋቸውን ሲያስታውቅ ጃማይካ ውስጥ ራስታዎችን እንግዲህ አምላካችሁ ሞተ እያሉ የሚያሾፉ በዙ። የቦብ መልስ በዛው ሰሞን የተቀዳው «ጃህ ሊቭ» ነው፣ ጃህ ሕያው ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይሄን ዘፈን መስማት ግራ ያጋባል፣ የእኛ ሰው በዛ ጊዜ ወይ አዝኖ ወይ ደስ ብሎት ወይ ፈርቶ ዝም ብሎ ነበር፣ እዛ ማዶ ግን ኢትዮጵያን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች አልሞቱም ብለው ይዘፍናሉ። ማመን አለማመን የየራሳችን ነው፣ ዘፈኑን ለመረዳት ግን መልስ የተሰጠበት ጥያቄ ምን እንደነበር ማወቅ ይበቃል።

በነገራችን ላይ ቦብ ራሱ ጃንሆይን አላያቸውም። በኤፕሪል 1966 ኪንግስተን ሲመጡ እሱ አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ ሥራ ላይ ነበር፣ ያየቻቸው ሪታ ነች።

«አይ ሾት ዘ ሸሪፍ» ግድያን ማወደስ ነው?

አይደለም፣ ክስ ላይ የቆመ ሰው ቃል ነው። ሸሪፍ ማለት የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ነው። ሰውየው አዎ አዛዡን ተኩሻለሁ፣ ግን ራሴን ለመከላከል ነው፣ ምክትሉን ግን አልነካሁም፣ ያላደረግኩትን አትለጥፉብኝ ነው የሚለው። ሸሪፉ ዘር በዘራሁ ቁጥር ሳይበቅል ግደለው ይል ነበር ይላል፣ ዘሩን እንደፈለጋችሁ ተርጉሙት፣ ተክልም ልጅም ሐሳብም ይሆናል፣ በሰምና ወርቅ ላደግን ሰዎች ይሄ አዲስ አይደለም። ቦብ በአንድ ወቅት ፖሊስ ብዬ ልዘፍነው ነበር ግን መንግሥት ይረብሸኛል ብዬ ሸሪፍ አልኩት ብሏል፣ ጃማይካ ውስጥ በዛ አይነት ሸሪፍ የሚባል የለማ፣ የካውቦይ ፊልም ነገር ነው። ዘፈኑ በ1973 ወጣ፣ በዓመቱ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ደግሞ ዘፍኖት አሜሪካ ላይ አንደኛ ሆነ፣ ብዙ ነጭ አድማጭ ቦብ የሚባል ሰው እንዳለ ያወቀው በዛ ነው።

ለምንድነው ሰውነት በራሱ የሚወዛወዘው?

ትንሽ ስለ ምቱ ልበል፣ ምክንያቱም ግጥሙ ሳይገባንም የምንወደው በሱ ነው። አንድ ሁለት ሦስት አራት እያላችሁ ጠረጴዛ ምቱ። የተለመደው ሙዚቃ «አንድ» ላይ ነው ጠንከር የሚለው። ሬጌ ውስጥ «አንድ» ባዶ ነው፣ ትልቁ ድራም «ሦስት» ላይ ነው የሚወድቀው፣ ጊታሩ ደግሞ «ሁለት» እና «አራት» ላይ ቸክ ቸክ ይላል። ይሄን ምት ዋን ድሮፕ ይሉታል፣ ቦብ በዚሁ ስም ዘፈን አለው፣ እሱ ላይ ሞክሩት። ባዶውን «አንድ» የምንሞላው እኛ ነን፣ ለዛ ነው ጭንቅላታችን ሳናዘው የሚነቀነቀው። እስክስታ ላይ ትከሻ ምቱን ጠብቆ ነው የሚወርደው፣ እዚህ ግን ምቱ እስኪመጣ መጠበቁ ራሱ ነው ጭፈራው።

«ኤክሶደስ»ን ደግሞ ብታዳምጡ ይሄ ሕግ የለም፣ ትልቁ ድራም አራቱም ላይ ይመታል፣ ድም ድም ድም ድም። ለምን ብትሉ ኤክሶደስ ኦሪት ዘጸአት ነው፣ ሕዝብ ከባርነት ወጥቶ ሲጓዝ፣ ድራሙ እግር ነው።

ስለ ፍቅር የዘፈናቸውስ?

«ኢዝ ዚስ ላቭ»፣ «ዌይቲንግ ኢን ቬይን»፣ «ስተር ኢት አፕ» ምንም የተደበቀ ምስጢር የላቸውም፣ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው፣ አንድ አልጋና አንድ ጣሪያ ይበቃናል የሚል ሰው ዘፈኖች። የተደበቀው «ዋን ላቭ» ውስጥ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽሮች ሲጨፍሩበት አይቻለሁ፣ ክፋት የለውም፣ ግን ስለ ሁለት ሰው ፍቅር አይደለም፣ ስለ ሕዝብ አንድነት ነው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ስለ መጨረሻው ዘመን ጦርነትና ሰውን ሁሉ ስለ ጎዳ ኃጢአተኛ ይጠይቃል። መጀመሪያ በ1965 ፈጠን ባለ ምት ሠርተውት ነበር፣ ኤክሶደስ ላይ ያለው ዳግም የተሠራው ነው፣ የአሜሪካዊው ከርቲስ ሜይፊልድ ዘፈንም ስላለበት የሱም ስም አብሮ ተጽፏል። አሁን ጃማይካ ቱሪስት ስትጠራ የምትጠቀምበት እሱን ነው፣ ኃጢአተኛው ግን ማስታወቂያው ላይ የለም።

ስሙን የወሰደው ኮንሰርት በኤፕሪል 22 ቀን 1978 ኪንግስተን ላይ ተደረገ። የሁለቱ ፓርቲዎች ደጋፊዎች በየሰፈሩ በጥይት የሚጫረሱበት ጊዜ ነበር። ቦብ «ጃሚንግ»ን እየዘፈነ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማይክል ማንሊን እና ተቃዋሚውን ኤድዋርድ ሲያጋን መድረክ ላይ ጠርቶ እጃቸውን አንድ ላይ ከጭንቅላቱ በላይ ያዘ። ቪዲዮውን እዩት፣ የሁለቱን ሰዎች ፊት እዩ፣ እርቅ ሳይሆን ጥርስ ሀኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ግድያውም አልቆመም።

«ሪደምፕሽን ሶንግ» ውስጥ ያለው ዝነኛ ቃልስ የራሱ ነው?

ከአእምሮ ባርነት ራሳችሁን ነፃ አውጡ፣ ከራሳችን በቀር አእምሯችንን ነፃ የሚያወጣ የለም የሚለው የማርከስ ጋርቬይ ነው። ጋርቬይ ጥቁሮች ወደ አፍሪካ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ያስተማረ ጃማይካዊ ነው፣ በ1937 ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሲድኒ በምትባል ከተማ ባደረገው ንግግር ነው ይሄን ያለው። የተናገረበት አዳራሽ ስሙ ማን ይባላል፣ ምኒልክ አዳራሽ። እዛ ብረታ ብረት ፋብሪካ የሚሠሩ ጥቁሮች ሰፈር ነው፣ አዳራሻቸውን በአድዋው ንጉሥ ስም ጠርተውታል።

የሚያስቀው ነገር፣ ይሄው ጋርቬይ በዛው ዓመት ጃንሆይ ላይ በጣም ከባድ ትችት ጽፏል፣ ጣልያን ሲመጣ አገር ጥለው ሄዱ ብሎ። ቦብ ግን ሁለቱንም ዘፈነላቸው፣ የጃንሆይን ቃል በሙሉ ባንድ፣ የጋርቬይን በአንድ ጊታር ብቻ። ድራም የለም፣ ቤዝ የለም። በ1980 የወጣው አፕራይዚንግ አልበም የመጨረሻ ዘፈን ነው፣ አልበሙም በሕይወት እያለ ያወጣው የመጨረሻው ነው፣ ከእግሩ ጣት የጀመረው ካንሰር ያኔ እየጨረሰው ነበር። ሜይ 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ማያሚ ላይ አረፈ። ከማረፉ በፊት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ነበር፣ ያጠመቁት አቡነ ይስሐቅ ናቸው፣ ክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ። ጃማይካ ላይ የተቀበረው በእኛው ሥርዓት ነው።

ታዲያ ለምን የምናውቀው ስለ ወፍና ስለ ፍቅር የሚሉትን ብቻ ሆነ?

ሌጀንድ በሚባለው አልበም ምክንያት። በ1984፣ ቦብ ከሞተ በሦስት ዓመቱ፣ አይላንድ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ 14 ዘፈን መርጦ በአንድ አልበም አወጣ፣ እስከ ዛሬ የሱን ያህል የተሸጠ የሬጌ አልበም የለም። የመረጠው ዴቭ ሮቢንሰን ነው፣ ሰውየው እንደተናገረው ነጭ አድማጭ እንዳይሸሽ ፖለቲካውን ቀለል አድርጎ ነው የመረጠው። ማታለል ነው አልልም፣ ሱቅ ነው፣ ግን አንድ ሰው ስለ እናንተ ለእንግዳ ሲያወራ ሳሎኑን ብቻ አሳይቶ ጓዳውን እንደመዝጋት ነው። ሌጀንድ ላይ «ዋር» የለም፣ «ጃህ ሊቭ» የለም፣ «ዚምባብዌ»ም የለም።

«ዚምባብዌ» የእኛም ታሪክ ትንሽ አለባት። ቦብ በ1978 መጨረሻ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፣ አዲስ አበባን አይቶ ሻሸመኔ ወረደ፣ ጃንሆይ በጣልያን ጊዜ ለረዱን የዓለም ጥቁሮች ማመስገኛ ብለው 5 ጋሻ መሬት የሰጡበት ቦታ። የመጣው በደርግ ጊዜ ነው፣ የንጉሡን ስም ጮክ ብሎ መጥራት በማይቻልበት፣ መሬቱም አብዛኛው በተወረሰበት። ዘፈኑን መጻፍ የጀመረው እዚሁ ነው ይባላል። በኤፕሪል 1980 ዚምባብዌ ነፃ በወጣችበት ሌሊት ሐራሬ ሩፋሮ ስታዲየም ውስጥ ዘፈነው፣ መሣሪያውን ያስጫነው በራሱ ገንዘብ ነው፣ ውጭ የቀረው ሕዝብ ልግባ ሲል ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኩሶ ጭሱ መድረኩ ላይ ሁሉ ደረሰ። በማግስቱ መግባት ላልቻለው ሕዝብ ደግሞ ዘፈነ።

አዲስ አበባም ተራዋን አገኘች፣ ግን እሱ የለም። ፌብሩዋሪ 2005 ላይ 60ኛ ልደቱ መስቀል አደባባይ ሲከበር የነበራችሁ ታውቃላችሁ፣ ከስታዲየም እስከ ላይ ሰው ብቻ። ሪታ ያኔ አፅሙን አውጥቼ ኢትዮጵያ እቀብረዋለሁ አለች ተብሎ ጃማይካ ተናወጠች፣ ሳይሆን ቀረ፣ አሁንም ናይን ማይል ነው ያለው።

«ባፋሎ ሶልጀር» ቀረችኝ፣ ልጆች ሁሉ ወይ ዮ ዮ የሚሏት። ባፋሎ ሶልጀር የሚባሉት ከ1866 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋማቸው የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦሮች ናቸው። ትናንት ከባርነት የወጡ ሰዎች ዛሬ ፈረስ ላይ ተቀምጠው መሬታቸው የሚነጠቅ የአገሬውን ሕንዶች እንዲወጉ ተላኩ፣ ዘፈኑ ላይ ከአፍሪካ ተሰርቆ አሜሪካ መጣ፣ ሲደርስም ሲዋጋ፣ ለመኖርም ሲዋጋ የሚለው እነሱን ነው፣ ደስ የሚለው ዜማ ሥር ያለው ይሄ ነው። የወጣችው በ1983 ኮንፍሮንቴሽን በሚባል አልበም ላይ ነው፣ ከሞተ በኋላ። አሮጌውን ሸክላ የሆነ ሰው ቤት ካገኛችሁት ሽፋኑን እዩት፣ ቦብ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ ይወጋል፣ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከዛ ውስጡን ግለጡት። የአድዋ ጦርነት ሥዕል ነው።